ኢልዋድ የበየደችው ብረት

ነሐሴ ሲገባ የድሬዳዋ ሰው ዓይኑ ደቻቱ ላይ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ ግን ምን ይዞ እንደሚወርድ ከተማው በደንብ ያውቃል። ስለዚህ ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን፣ አሥር ሰዓት ገደማ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ሁሉም ፊቱን ያዞረው ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው ነበር። ነፋሱ የመጣው ከጀርባ ነው፤ ከሰሜን፣ ከሜዳው በኩል።

ኢልዋድ ዐብዱልዓዚዝ በዚያ ሰዓት ከዚራ ሰፈር ጫፍ ላይ ባለችው የብየዳ ቤቷ ውስጥ የግቢ በር እየበየደች ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሙያውን ያስተማራት አባቷ ነው። ዐብዱልዓዚዝ ዕድሜውን ሙሉ ሲበይድ ኖሮ ዓይኑ ሲደክም ጭምብሉን ለእሷ ሰጣት፤ ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ እየተቀመጠ፣ የብየዳውን ድምፅ እየሰማ "አሁን እጅሽ ፈጠነ"፣ "አሁን ጥሩ ነው" ይላታል። መጀመሪያ ላይ ደንበኞች እየመጡ "በያጁ የት ሄደ?" ብለው ይጠይቁ ነበር። አሁን የሚጠይቅ የለም። ኢልዋድ የሠራችው በር አይዘምም፣ የሠራችው መስኮት አይንቀሳቀስም እየተባለ ስሟ ከከተማው አልፎ ገጠሩ ድረስ ደርሷል።

"ኢልዋድ፣ ማሽኑን አጥፊ!" አለ አባቷ በድንገት።

"ምን ሆነ አባ?"

"አጥፊው እልሻለሁ! መንገዱን እዪ!"

ብቅ ስትል የመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ የለም። ከመሬት እስከ ሰማይ ቡናማ የሆነ አቧራ እየተንከባለለ መጣ። አባቷን ከነወንበሩ ጎትታ ለማስገባት እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ ወንበሩን ትታ አባቷን ብቻ በብብቱ ይዛ አስገባችውና በሩን በትከሻዋ ደግፋ ቆመች። ጣራው ይጮኻል፤ ውጭ የሆነ ነገር ይሰበራል፤ ሰው "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" ይላል። የመንገዱ ዳር ትልልቅ ዛፎች ሲወድቁ ድምፃቸው በእግር ይሰማል እንጂ በጆሮ አይሰማም ነበር። ዐብዱልዓዚዝ መሬት ላይ ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል። ከግማሽ ሰዓት በታች ነው የቆየው። ሲያበቃ ጥቂት ከባድ የዝናብ ጠብታ ወረደና እሱም ቆመ።

ሰው ከየቤቱ ወጣ። ሁለት ባጃጅ ተገልብጧል፤ አንዱ ላይ ዛፍ ተጋድሟል፣ ሾፌሩ ግን ቀድሞ ወርዶ ነበርና አልሐምዱሊላህ ተረፈ። የማን ጣራ እንደሆነ ያልታወቀ ቆርቆሮ የመብራት ሽቦ ላይ ተሰቅሏል። መብራት ጠፋ፣ ስልክም ጠፋ። ደቻቱ ግን ውሃ አላመጣም። ሰዉ እርስ በርሱ እየተያየ፣ "እኛ እኮ ውሃ ነበር የጠበቅነው" እያለ፣ ሳቅም ድንጋጤም በተቀላቀለበት ስሜት የወደቀውን ያነሳ ጀመር። ኢልዋድም ከጎረቤቶቿ ጋር ቅርንጫፍ ስትጎትት አመሸች።

በማግስቱ ጠዋት ባርኸድ መጣ። ባርኸድ ከድሬዳዋ ወደ ጀልዴሳ ሸለቆ በአይሱዙ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ ሰውም፣ ፍየልም፣ ስኳርም ይጭናል። የመኪናው በር ሲገነጠል የሚያስበይደው እሷ ዘንድ ነው። ያን ቀን ከመኪናው ሳይወርድ ትንሽ ቆየ። ፊቱ አቧራ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል።

"ጀልዴሳን ብታዪያት አታውቂያትም" አላት። "ሸለቆው ላይ ቆርቆሮ የነበረው ቤት ሁሉ ጣራ የለውም። የመስጂዱ ጣራ ማሽላ ውስጥ ወድቋል። ማሽላው ራሱ ተኝቷል፣ እንደ ምንጣፍ። ሰው ግን አልሞተም፤ ተመስገን ነው። አንዲት ሴት ብቻ፣ ሀዎ የምትባል፣ ፍየል ስታጠጣ እግሯ ተሰብሮ አሁን ሆስፒታል አድርሻት መምጣቴ ነው።"

"ምን ወደቀባት?"

ባርኸድ ፊቱን አዞረ። "የፓምፑ ሶላር። ያንቺው ብረት። ነፋሱ ነቅሎት ከነፓነሉ ወረወረው።"

ኢልዋድ እጇ ላይ መዶሻ ነበር። እንደ ከባድ ዕቃ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አንድ የርዳታ ድርጅት ለሸለቆው ሰዎች በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ሲያስተክል፣ አሥራ ሁለቱ የሶላር ፓነሎች የሚያርፉበትን ብረት የሠራችው እሷ ናት። ብረቱ አራት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር በሲሚንቶ በተቀበረ ወፍራም ላሜራ ላይ ይበየዳል። ሦስቱን እግሮች ዙሪያቸውን አጥብቃ በይዳለች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ፀሐይ ጠልቃለች፣ የጄኔሬተሩ ቤንዚን አልቋል ማለት ይቻላል፣ የድርጅቱ ሾፌርም "ወንዙ ሳይሞላ እንውጣ" እያለ ጥሩንባ ይነፋል። በቀረችው ቤንዚን እግሩን በነጥብ ያዘችው፤ ነጥብ ማለት ብረቱ እስኪበየድ ድረስ እንዳይንቀሳቀስ እዚህም እዚያም የምትደረግ ጠብታ ናት። ነገ ተመልሼ እጨርሰዋለሁ አለች። በነጋታው ሌላ ሥራ ነበር። ቀቢዎቹ ብረቱን በሙሉ ቀይ ቀለም ቀቡት፤ ነጥቡም ብየዳውም ከቀለሙ በታች አንድ ሆነ። ረስታው ነበር ማለት አይቻልም። በተለይ ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ ትዝ ይላትና "ሦስቱ ይይዙታል" እያለች ራሷን ታረጋጋ ነበር።

ባርኸድ ከሄደ በኋላ ለአባቷ ነገረችው። ዐብዱልዓዚዝ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

"ስንት ነጥብ ነው?" አላት።

"ሦስት። ምናልባት አራት።"

የጠበቀችው ቁጣ ነበር፤ ግን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። "ሂጂ፣ አይተሽው ነይ" አለ። "ሳታዪው በራስሽ አትፍረጂ። ካየሽው በኋላ ደግሞ ያየሽውን አትደብቂ። ማሽኑንም ይዘሽ ሂጂ።"

በማግስቱ ጄኔሬተሩን፣ የብየዳ ማሽኑን፣ ቤት ውስጥ የተገኘውን ቱቦላሬና አንጎላሬ የሚባል ብረት ሁሉ በባርኸድ አይሱዙ ላይ ጭና ሄደች። መንገዱ ከከተማው ሲወጣ እሾሃማ ቁጥቋጦ ብቻ ነው፤ ቁጥቋጦው ሁሉ ፌስታልና ጨርቅ ለብሷል። ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ማሽላው ታየ። ገና እህል ያልያዘ አረንጓዴ አገዳ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። የፓፓያ ዛፎች ከወገባቸው ተቆርጠዋል።

ውሃው ጋ ሲደርሱ ፓምፑ አጠገብ ሰው የለም። ሰዉ ያለው ወንዙ ውስጥ ነው። ሴቶች አሸዋውን በእጃቸውና በጣሳ እየቆፈሩ፣ ከጉድጓዱ የሚጠራቀመውን ጨው ጨው የሚል ውሃ በትንሽ በትንሹ ጄሪካን ውስጥ ያንቆረቁራሉ። ከታች ካሉ ሁለት መንደሮች የመጡም አሉ፤ ፓምፑ የሁሉም ነበርና። ግመሎች ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ፍየሎች አይጠብቁም፣ ይጮኻሉ።

የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ኦብሲዬ ከርቀት አይቷት መጣ። ሰባ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሥራውን ስትሠራ በየቀኑ የግመል ወተት ያመጣላት እሱ ነበር። እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

"መጣሽ ልጄ። ሳንጠራሽ መጣሽ። አላህ ይስጥሽ።"

"ብረቱን ልየው አዴር" አለች፤ በሶማሊኛ "አጎቴ" ማለቷ ነው።

አብሯት የሄደው ዐብዲቃድር ነው፤ ጉዳቱን ሊመዘግብ ከከተማ የመጣ ወጣት የውሃ ባለሙያ። እግረ መንገዱን ከአሥራ ሁለቱ ፓነሎች ሰባቱ ደህና እንደሆኑ፣ ፓምፑ ራሱ ጉድጓድ ውስጥ ስላለ ምንም እንዳልሆነ ይነግራታል። ኢልዋድ ተንበርክካ የመጀመሪያውን እግር አየች። ብየዳው እንዳለ ነው፤ የተቀደደው ብረቱ ራሱ ነው፣ ከብየዳው በላይ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ተጣሞ ከነሲሚንቶው ተነቅሏል። አራተኛው ጋ ስትደርስ ላሜራው ሲሚንቶው ላይ ደህና ተቀምጧል፤ እግሩ ግን ምንም ሳይቀደድ ተላቋል። ላሜራው ላይ የምስር ፍሬ የሚያክሉ ሦስት ምልክቶች አሉ። ዙሪያቸው ዝገት ነው።

ነፋሱ ከዚህ ነው የጀመረው። እዚህ አነሳው፣ ከዚያ ሌሎቹን ጠመዘዛቸው። ማንም በያጅ ቢያየው ይገባዋል።

ዐብዲቃድር ግን በያጅ አይደለም። "ይሄን ነፋስ የሚችል ብረት የለም" አላት። "የተፈጥሮ አደጋ ብዬ ጽፌዋለሁ። አንቺ አትጨነቂ፣ ሥራሽ ጥሩ ነበር።"

አንድም ቃል አይጠበቅባትም ነበር። ጭንቅላቷን ብትነቀንቅ ይበቃል። ዓይኗን ስታነሳ ወንዙ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እስከ ክንዷ አሸዋ ውስጥ ገብታ ትቆፍራለች።

"ስልክህን አምጣ፣ ይሄን ፎቶ አንሳው" አለችው።

"ምኑን?"

"እነዚህን ሦስት ነጥቦች። ይሄ እግር አልተበየደም። በነጥብ ይዤው ሄጄ አልተመለስኩም። የተነሳው ከዚህ ነው።"

ዐብዲቃድር ዞር ብሎ ሰው መኖር አለመኖሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ ዝም በይ። ሥራ አይሰጡሽም በኋላ። የሰው እግር ተሰብሯል። ማን ጠየቀሽ?"

"አንሳው አቦ!"

ኦብሲዬ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። አማርኛው ለገበያ ያህል ነው፤ የሆነ ነገር እንዳለ ግን ገባው። "ምንድነው?" አለ። ኢልዋድ ተነስታ በሶማሊኛ ነገረችው። አላሳጠረችውም። ቤንዚኑን፣ ጥሩንባውን፣ "ነገ" ያለችውን፣ ቀለሙን፣ ሁሉንም ነገረችው። ሽማግሌው እየሰማ የተቀደደውን ብረት በበትሩ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል። ስትጨርስ ወንዙ ውስጥ ወደሚቆፍሩት ሴቶች ዞረ።

"መጀመሪያ ውሃ" አለ። "ወሬው ይቆያል፤ ከብቱ አይቆይም። ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት።"

"ጀምሪ።"

ወሬው ግን አልቆየም። ከሰዓት በፊት ሸለቆው ሁሉ ሰምቷል። ጠዋት "እንኳን መጣሽ" ያሏት ሴቶች አጠገቧ ሲያልፉ ሰላምታ አልሰጧትም። ኢልዋድ ጭምብሏን አድርጋ ሥራዋን ጀመረች። የተጣመመውን ብረት ቆርጣ ደህና ደህናውን ለየች። አዲሱን ዝቅ ያለ፣ ለመሬት የቀረበ አድርጋ አሰበችው፤ እንደ ድሮው ከብት አይጠለልበትም፣ ነፋስም ግን ሥሩ ገብቶ አያነሳውም። ባርኸድ ሲሚንቶ ሊያመጣ ወደ ከተማ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ረዥም፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ጉንጯ ላይ የአሸዋ ደረቅ ጭቃ ያለባት።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ" አለች ኢልዋድ።

"እኔ አሚራ ነኝ። ሀዎ እህቴ ናት፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ፍየሎቿን እኔ ነኝ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የማጠጣው፣ በጣሳ። ሁለቱ ሞተዋል።"

ኢልዋድ ጭምብሉን አውርዳ ቆመች። አሚራ ጎንበስ ብላ፣ ኢልዋድ በአንድ እጇ ልታቆመው የምትታገለውን የረዥሙን ቱቦላሬ ወዲያኛውን ጫፍ ያዘች።

"ላንቺ ብዬ አይደለም" አለች። "ቶሎ እንዲያልቅ ነው። የት ልያዘው?"

እስከ ሦስተኛው ቀን አብራት ሠራች። ብዙ አላወሩም። "ከፍ አድርጊው"፣ "ዓይንሽን አዙሪ"፣ "ይበቃል"፣ ይኸው ነው። ኢልዋድ ኦብሲዬ ቤት ከሴት ልጆቹ ጋር ታድር ነበር፤ ልጆቹ ያበሏታል፣ ግን ከእሷ ጋር የነበረው ጨዋታ የለም። አንድ እግር በይዳ በጨረሰች ቁጥር አሚራ ዝቅ ብላ ዙሪያውን በጣቷ ትከተለዋለች። አንዴ "እዚህ ጋ ቀዳዳ አለ" አለቻት። እውነቷን ነበር፤ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ። ኢልዋድ ደገመችው።

ነሐሴ ሃያ ስድስት ቀትር ላይ ዐብዲቃድር ሰባቱን ፓነሎች አያይዞ ማብሪያውን ጫነ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ቧንቧው አሳለ፣ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ተፋ፣ ቀጥሎም ንጹሕ ውሃ መጣ፤ እንደ ድሮው ኃይል የለውም፣ ግን አይቋረጥም። ሰዉ ሲጋፋ ኦብሲዬ በትሩን አግድም ይዞ መሃል ቆመ። "ከታች የመጡት መጀመሪያ! እነሱ ገና የሚሄዱት መንገድ አላቸው!" ይላል። ኢልዋድ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ አየች። ማንም አላመሰገናትም። እሷም ምስጋና የሚመጣ ከሆነ የት እንደምትደበቅ እያሰበች ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። ኢልዋድም ተጠርታ ዳር ላይ ተቀመጠች። አንዱ ሽማግሌ የተሰበረ አጥንት ካሳው ስንት ፍየል እንደሆነ በባህሉ የታወቀ ነው አለ። ሌላው፣ ልጅቷ በራሷ አፍ ባትናገር ማን ያውቅ ነበር፣ እውነት የተናገረን ከቀጣን ወደፊት ማን ይናገራል አለ። ሦስተኛው ተቆጣ፤ "እውነቱን ከሦስት ዓመት በፊት ብትናገር ኖሮ እግሩም ፍየሉም ደህና ነበር!" አለ። ኢልዋድ ልቧ ከዚህኛው ሽማግሌ ጋር ነበር።

ኦብሲዬ ሁሉንም ሰምቶ ተናገረ። "የውሃውን ነገር ሠርታ አስተካክላለች፤ የእኛ ጉዳይ አልቋል። አጥንቱ ግን የሀዎ ነው፣ ፍርዱም የሀዎ ነው። ልጄ፣ ሂጂና ራስሽ ንገሪያት። እኛ መልእክተኛ አንልክም።"

ሆስፒታል የገባችው ነሐሴ ሃያ ስምንት ከሰዓት ነው። ሀዎ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ ነበረች፤ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ፊቷ ፀሐይ የጠበሰው፣ ዓይኗ ንቁ የሆነች ሴት። እግሯ እስከ ጭኗ ጀሶ ነው። ኢልዋድ ስሟን ተናግራ፣ የመጣችበትን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

"እኔ እኮ ገንዳው ጋ ነበርኩ" አለች ሀዎ። "አቧራው ሲመጣ ፍየሎቹን ልሰበስብ ዞርኩ። ከላዬ ድምፅ ሰማሁ፣ እንደ ፉጨት። ከዚያ መሬት ላይ ነኝ። ነፋስ ነው አሉኝ። ነፋስን ምን ትይዋለሽ? አላህ ያመጣው ነው ብዬ ተቀበልኩት። ልቤ ዐርፎ ነበር፣ ወላሂ። አሁን አንቺ መጥተሽ ነፋስ አይደለም፣ ሰው ነው ትዪኛለሽ።"

ኢልዋድ ይሄን አላሰበችውም ነበር። እውነቱን መናገር የሚከብደው ለተናጋሪው ብቻ መስሏት ነበር።

"አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አለች።

"ዛሬ አልልሽም።" ሀዎ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "ከአፌ ብቻ ብልሽ ምን ይጠቅምሻል? ሂጂ አሁን፣ ደክሞኛል።"

በነጋታው ኢልዋድ ሾርባ ይዛ ተመለሰች። ሀዎ ሾርባውን ጠጣች፣ ቃል አልተናገረችም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ኢልዋድ ሳህኑን አንስታ ልትወጣ ስትል ጠራቻት።

"ማሽላ አጭደሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ማሽላዬ ተኝቷል። እህል አይሆንም ከእንግዲህ። ግን አሁን ከታጨደ ለከብት ይሆናል፤ ሳምንት ከቆየ ይበሰብሳል። አሚራ ብቻዋን ናት፣ ሰው ሁሉ የራሱን ነው የሚያጭደው። እኔ ከአንቺ ፍየልም ሆነ ሌላ ምንም አልፈልግም። ሰው ነው የጎደለኝ።"

ኢልዋድ ሱቋን ዘጋች። አባቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ከባርኸድ ጋር ጀልዴሳ ወረደች፤ ዓመቱ የተለወጠው ማሽላ ውስጥ ሳለች ነው። ብረት የለመደ እጅ ማጭድ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጣቷን ቆረጠች፣ አሚራ በሻሿ ጫፍ አሰረችላት። የተኛ አገዳ ከቆመ ይልቅ ያስቸግራል፤ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ከሥሩ እባብም ጊንጥም ይወጣል። አሚራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ኢልዋድ ጊንጥ አይታ ስትዘል ነው። "አንቺ እሳት የማትፈሪ ሴት!" አለቻት፤ ኢልዋድም ሳቀች፣ ከነፋሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስድስት ቀን ፈጀባቸው። አጭደው፣ አድርቀው፣ ሀዎ ግቢ ውስጥ ከመሩት።

ከተማ ስትመለስ ዐብዲቃድር ሱቋ በር ላይ ከአባቷ ጋር ተቀምጦ አገኘችው። ሪፖርቱን እንደ ነገረችው አድርጎ ጽፎ ነበር፤ ያንን ተከትሎ ድርጅቱ ለሚቀጥሉት ሁለት ፓምፖች ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ። "ነግሬሽ ነበር" አላት፤ ማዘኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ኢልዋድ የጠበቀችው ነው፣ ቢሆንም አመማት። እነዚያ ሁለት ሥራዎች ዓመቱን ያሻግሯት ነበር።

ማታ እራት ላይ አባቷ "ሌላ አለ?" አላት።

"ምን ሌላ?"

"በነጥብ የተውሽው።"

"የለም። ግን ሁሉንም ሄጄ አያለሁ።"

"እኔም እመጣለሁ" አለ ዐብዱልዓዚዝ። "ዓይኔ አያይም፣ ጣቴ ግን ያያል።" ከዚያ እሷ ጠይቃው የማታውቀውን ነገር ነገራት። እሱም ወጣት ሳለ አንድ ጊዜ ሳይጨርስ የሄደው ሥራ ነበረው፤ የአንድ ሰው የውሃ ጋን መቆሚያ። ምንም አልሆነም፣ ሰውየውም ሳያውቅ ሞተ። "እኔን አላህ ሸፈነኝ" አላት፣ "ከአንቺ የተሻልኩ ስለሆንኩ አይደለም።"

መስከረም ሃያ ላይ ሀዎ ከሆስፒታል ወጣች። ሐኪሞቹ አጥንቱ እየያዘ ነው፣ ግን እስከ ጥር በክራንች ነው የምትሄጂው አሏት። ባርኸድ ጋቢና ውስጥ ትራስ ደርድሮ አስቀመጣት፤ ኢልዋድ ከኋላ ከጭነቱ ጋር ተቀመጠች። መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር ሀዎ ስትሳደብ ይሰማታል፤ መንገዱን፣ ባርኸድን፣ አይሱዙውን።

ግቢዋ ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል። አሚራ ደግፋ አወረደቻት። ሀዎ ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ ጨርሳ መጀመሪያ ወደ ፍየሎቹ ሄደች፤ አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቻቸው፣ የሞቱት ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ማንም ሳይነግራት አወቀች። ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች። ኢልዋድ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፤ መግባት አለመግባቷን አላወቀችም።

"ምን ታደርጊያለሽ እዚያ?" አለቻት ሀዎ ዓይኗን እየጠረገች። "ነይ ግቢ። አፉ ብዬሻለሁ። መኪናው ላይ ነው ያልኩሽ፣ ያ ትልቁ ጉድጓድ ጋ፤ አጥንቴ ሲያመኝ ልረግምሽ ብዬ አፌ እምቢ አለኝ።"

ኢልዋድ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት። ሀዎ ግን ከትከሻዋ በላይ ወደ ግቢው ጥግ እያየች ነበር።

"ያ ምንድነው?"

"ማሽላው" አለች አሚራ። "እኔና እሷ ነን የከመርነው።"

"ማሽላ እንዲህ ነው የሚከመረው? ራሱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ? አንድ ዝናብ ቢመታው እስከ ሆዱ ይሻግታል!" ክራንቿን አንስታ ጠቆመች። "አፍርሱት። እኔ እዚህ ተቀምጬ አሳያችኋለሁ።"

አሚራ "አሁን? እንግዳ ቁጭ ብሎ?" አለች። ኢልዋድ ግን ሻሿን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ፣ ከክምሩ ላይ የመጀመሪያውን እቅፍ አወረደች።